«ይንኩ» ወይስ «ይጫኑ»

«ቋ»ን እንዴት ነው የምጽፈው?

ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደመለስኩት አላስታውስም። በትርፍ ጊዜዬ የማግዘው አንድ ነጻ ፕሮግራም አለ፤ በስልክና በኮምፒውተር አማርኛ ለመጻፍ የሚያገለግል። የሠራነው በየአገሩ የተበተንን ጥቂት ሰዎች ነን። እኔ ያለሁት ናይሮቢ ነው። ቀን ቀን ዌስትላንድስ ውስጥ ባለ መሥሪያ ቤት ፕሮግራም ስጽፍ እውላለሁ፤ ለአማርኛው ፕሮግራም የምደርስለት በምሳ ሰዓትና ቅዳሜ ነው። ተጠቃሚዎቻችን የቸገራቸውን የሚጠይቁት በስልክ የመልእክት ቡድን ውስጥ ነበር። አንዱ ስለ «ቋ» ይጠይቃል፤ እመልሳለሁ። መልሴ በደህና አደራችሁና በእንኳን አደረሳችሁ ተገፍቶ ይጠፋል። በማግስቱ ሌላው መጥቶ ያንኑ ይጠይቃል።

አንድ ቀን እንዲሁ ስመልስ አጠገቤ የሚቀመጠው ኬንያዊ ባልደረባዬ አንገቱን አስግጎ ስልኬን አየ። የምንነጋገረው በእንግሊዝኛ ነው፤ አማርኛ አንዲት ፊደል አያውቅም።

«ይሄንን ትናንትም ጽፈሽዋል» አለኝ።

«በምን አወቅህ?»

«ይቺ እግሯ የተቆለመመው ፊደል ትናንትም ነበረች።»

«ቋ»ን ማለቱ ነው። ሳቅን። ከዚያ «ለምን ዊኪ አትሠሪላቸውም?» አለ። ዊኪ ማለት ማንም ከፍቶ የሚያነበው፣ ያነበበው ሰው ደግሞ ስህተት ካገኘ እዚያው አስተካክሎ፣ የጎደለ ካለ ሞልቶ የሚሄድ ድረ ገጽ ነው። ሐሳቡን ወደድኩት። እሱ ድረ ገጹ የሚቀመጥበትን ማሽን ሊያዘጋጅ፣ እኔ ገጾቹን ልነድፍ ተስማማን።

በጣም ቀላል እንዲሆን ፈለግሁ። ከላይ ጽሑፉ፤ ከታች «አርም» የሚል አንድ ቁልፍ፤ ከቁልፉ ጎን ደግሞ ከዚህ በፊት የተደረጉት ለውጦች በሙሉ ተራ በተራ የሚታዩበት «ታሪክ» የሚል ክፍል። ባልደረባዬ አንዲት ትንሽ ሳጥን ጨመረባት፤ ሰው አንድ ነገር ሲቀይር «ለምን ቀየሩት?» ብላ የምትጠይቅ። መሙላቱ ግዴታ አይደለም። ስም አንጠይቅም፤ መዝገብ የለም፤ የመጣ ሁሉ ይጽፋል። የማውቃቸውን መልሶች ጽፌ አስገባሁና ለቡድኑ አስታወቅሁ።

ሰው መጣ፣ አነበበ፣ ሄደ። አንድም ሰው ምንም አልነካም።

መጀመሪያ ቁልፉ አልታያቸው ይሆናል ብዬ አተለቅሁት። ቀጥሎ ቀለሙን ቀየርኩ። ምንም የለም። ገጾቹ ላይ ስህተት እንዳለ ግን አውቃለሁ፤ ሰዎች በቡድኑ ውስጥ «እዚያ የጻፍሽው ልክ አይደለም» እያሉ ይነግሩኛል። ስህተቱን ካዩ፣ ለእኔ ለመጻፍም ከደከሙ፣ እዚያው ማስተካከሉ ምን ከበዳቸው? ነገሩ እንቅልፍ የሚነሳ ሳይሆን ቀን ቀን የሚያጫውት ዓይነት ጥያቄ ሆነብኝ። ማታቱ በሚሉት የናይሮቢ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ ሳይቀር እሱን ሳስብ የምወርድበት ያልፈኝ ጀመር።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ፣ በአንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ የሚሠሩ አንዲት በእድሜ ታላቄ የሆኑ ሴትዮ ግቢው ውስጥ አገኘሁና ስልኬን ሰጠኋቸው። «እስቲ እትዬ፣ ይሄንን ያንብቡልኝ።»

አነበቡ። «እዚህ ጋ ልክ አይደለም» አሉ ወዲያው። «አንድ ፊደል ዘለሻል።»

«ታዲያ ያርሙታ። ቁልፉ ያው።»

ስልኩን እንደ ትኩስ ነገር መለሱልኝ። «እኔ? የሰው ጽሑፍ? ምን በወጣኝ!»

«ይፈቀዳል እኮ።»

«ይፈቀድ! ደግሞ እዪው እስቲ፣ ‹አርም› ይላል። ማንን ነው? የሆነ ጎረምሳ የሚያዝ ነው የሚመስለው። ሴት አትገባም ማለት ነው?» ራሳቸው ሳቁ። ከዚያ ረጋ ብለው እንዲህ አሉኝ፦ «እኔ ያደግሁት ገጠር ነው። ሰው ሳይጠራሽ ማሳው ገብተሽ አታርሚም። ደቦ ሲጠራ ግን ማንም አይቀርም።»

ለካ ቃሉ ነው። እኔ «አርም» ስል «አስተካክል» ማለቴ ነበር። እሳቸው ግን በዚያው ቃል ማሳና ጥሪ ነበር የታያቸው፤ ያውም ያልተጠራ ሰው። ሰኞ ቢሮ እንደገባሁ ቁልፉን አጠፋሁና በምትኩ «እርስዎስ እንዴት ይላሉ?» ብዬ ጻፍኩ። ባልደረባዬ ትርጉሙን ሲሰማ ግራ ገባው። «ይሄ እኮ ቁልፍ አይደለም፤ ጨዋታ ነው» አለ።

«ቆይ እናያለን» አልኩት።

በዚያው ሳምንት ሰዎች መጻፍ ጀመሩ። አንዱ ፊደል ያስተካክላል፣ ሌላዋ እኔ የማላውቀውን አቋራጭ ትጨምራለች። እየከፈትኩ «ታሪክ» የሚለውን ክፍል ማንበብ እንደ ልቦለድ ይጥመኝ ጀመር። በተለይ አንድ ገጽ።

ገጹ በስልክ ፊደል እንዴት እንደሚጻፍ የሚያስረዳ ነው። እኔ «መጀመሪያ ‹ቀ›ን ይጫኑ» ብዬ ነበር። አንድ ጠዋት «ይጫኑ» ጠፍቶ «ይንኩ» ሆኖ አገኘሁት። በትንሿ ሳጥን ውስጥ «ስልክ ይነካል እንጂ አይጫንም። የሚጫነው አህያ ነው» ተብሎ ተጽፏል። ከሰዓት በኋላ ተመልሶ «ይጫኑ» ሆነ። ምክንያቱም «ፊደል አይነካም። የሚነካ ቁስል ነው» ይላል። ቢሮ ውስጥ ጮክ ብዬ ሳቅሁ።

በማግስቱ «ይንኩ»። ከዚያ «ይጫኑ»። «ይጫኑ» የሚለው ሰው አማርኛው የተቀመመ ነው፤ አራት ነጥብ አይረሳም። «ይንኩ» የሚለው ደግሞ አጭር አጭር ይጽፋል፤ አንዳንዴ ፊደል ይገድፋል፤ ግን አይለቅም። እየዋሉ እያደሩ ከዚያች ቃል ወጡና ወደ ሌላ ገቡ። «ይንኩ» ባዩ አንድ ቀን «ሰ ለምን ሁለት ሆነ? አንዱ አይበቃም?» ብሎ ጠየቀ። መልሱ በማግስቱ እዚያው ገጹ ላይ መጣ፦

«‹ሠረቀ› ሲጻፍ ፀሐይ ወጣች ማለት ነው። ‹ሰረቀ› ሲጻፍ ሌባ ገባ ማለት ነው። ልዩነቱን የማይጽፍ ሰው ፀሐይን ሌባ ያደርጋታል።»

ከሥሩ፦ «ገባኝ። ደስ ይላል። ግን ቁልፉ የት ነው?»

እውነትም የት ነው? ንጉሡን «ሠ» ፕሮግራማችን ውስጥ የት እንደደበቅነው እኛ ራሳችን የትም ጽፈን አናውቅም ነበር። ሁለቱ እየተከራከሩ ያንን ገጽ ከሁሉም የተሻለ ገጽ አደረጉት።

ባልደረባዬ ግን ቋንቋውን ስለማያነብ የሚያየው ቁጥሩን ብቻ ነው። አንድ ቀን ወንበሩን ወደ እኔ አዙሮ «አንድ ገጽ በየቀኑ ይቀየራል፤ ከዚያ ይመለሳል። የሚቀይረውም የሚመልሰውም ከአንድ የኢንተርኔት መስመር ነው። ይሄ ሰው ከራሱ ጋር ነው የሚጣላው?» አለኝ።

ያንን አላየሁም ነበር። ሁለቱም ከአንድ መስመር! ከራሱ ጋር የሚከራከር አንድ ሰው ነው እንዳልል የአጻጻፋቸው ልዩነት ከለከለኝ። «ይጫኑ» ባዩ ማን እንደሆነ ግን ለማወቅ አልተቸገርኩም፤ ከምክንያቶቹ በአንዱ «እኔ ኢስትሊ ምግብ ቤት አለኝ፤ የምግብ ዝርዝሬን የምጽፈው በዚህ ነው» ብሎ ነበር፤ በመልእክት ቡድኑም ውስጥ አውቀዋለሁ። ታዲያ ሌላው ማነው? የምግብ ቤቱን ዋይፋይ የሚጠቀም ደንበኛ? ሁለት ሰዎች በአንድ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ሳይተዋወቁ፣ በስልክ ሲከራከሩ ታየኝ። ቅዳሜ ሄጄ ሳላይ መቀመጥ አልቻልኩም።

ኢስትሊ ቅዳሜ ሰው ከሰው ይፋተጋል። ከማታቱ ወርጄ በጋሪ ገፊዎቹና መሬት ላይ ጨርቅ በዘረጉት ነጋዴዎች መሃል ጭቃውን እየዘለልኩ ሄድኩ። ምግብ ቤቱ ከአንድ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ በላይ ፎቅ ላይ ነው። ግድግዳው ላይ በትልቁ የታተመ የምግብ ዝርዝር ተለጥፏል፤ ከሁሉ በፊት ዓይኔ ያረፈው «ዓሣ ጉላሽ» የሚለው ላይ ነው፤ በዓይኑ «ዓ»፣ በንጉሡ «ሣ»። ሰውዬው እሱ መሆኑን ያኔ አረጋገጥኩ።

ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉና ወንበር ሳቡልኝ። ሙሉ ሰው ናቸው፤ ወፍራም፣ ድምፃቸው የሚያስተጋባ። ጥብስ አዘዙልኝና ፊት ለፊቴ ተቀመጡ።

«ጋሼ፣ ያቺ ‹ይጫኑ› የምትባል ነገር…» ብዬ ጀመርኩ።

«ተይኝ እባክሽ!» አሉ፤ ፊታቸው ግን በራ። «አንድ ሰው አለ። እኔ ስጽፍ ያጠፋል፣ እኔ ስመልስ ያጠፋል። ቋንቋውን ገና የሚማር ይመስለኛል። ፈረንጅ ይሆን እንዴ እላለሁ አንዳንዴ። ግን ጠያቂ ነው! ያን የ‹ሠ› ጥያቄ ሲጠይቀኝ መጽሐፍ ፍለጋ ሳጥን ስገለብጥ ዋልኩ። እንዲህ የጠየቀኝ ሰው የለም።»

ከጀርባቸው፣ ሂሳብ መቀበያው ጋ፣ ሃያዎቹ ውስጥ ያለች ወጣት ላፕቶፕ ከፍታ ተቀምጣለች። «ፈረንጅ» ሲሉ እጇን አፏ ላይ ስታደርግ አየኋት።

«ልጄ ናት» አሉ ዓይኔን ተከትለው። «ዌስትላንድስ ነው የምትሠራው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ታግዘኛለች። እዚሁ ነው ያደገችው፤ አማርኛው ብዙም አይደለም።»

«አባዬ፣ ፊሽ ኢዝ ፊኒሽድ» አለች ከዚያው ሆና፤ ዓሣ አልቋል ለማለት።

«አየሽ?» አሉኝ።

ስወጣ ልጅቷ «ስቴጅ ድረስ ልሸኝሽ» ብላ ተነሳች፤ የማታቱ መቆሚያውን ማለቷ ነው። ደረጃውን ወርደን መንገድ ላይ እንደወጣን እጄን ያዘችኝ። «እህቴ ፕሊዝ፣ እንዳትነግሪው።»

«አንቺ ነሽ ‹ይንኩ›?»

በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። አማርኛው የመጣላት በዝግታ ነው፤ እንግሊዝኛና ስዋሂሊ ይገባበታል፤ ሰው በአጠገባችን ሲያልፍ ትቆምና ትቀጥላለች። መጀመሪያ የጻፈችው ቃሉ ስላሳቃት ብቻ እንደነበረ፣ የምትጽፈውም ማታ ማታ ከምግብ ቤቱ በላይ ካለው ቤታቸው በዚያው ዋይፋይ እንደሆነ ነገረችኝ። በማግስቱ መልሱን ስታይ አጻጻፉ የማን እንደሆነ ወዲያው አወቀች።

«ለምን አትነግሪውም?»

«እቤት አማርኛ ሳወራ ይስቃል። ክፉ ሳቅ አይደለም። ‹ጎሽ የኔ ልጅ› ይላል፣ እንደ ቤቢ። ከዚያ አለቀ፤ አይመልስልኝም። እዚያ ግን ይቆጣኛል።»

«ሲቆጣሽ ደስ ይልሻል?»

«አዎ!» አለች። «ሰው ያደርገኛል። አይ ሚን… እንደ ትልቅ ሰው። እኔ አንድ መስመር ለመጻፍ እስከ እኩለ ሌሊት ሳልተኛ እቆያለሁ። እሱ ያንን አያይም፤ ቃሉን ብቻ ነው የሚያየው። ከዚያ ይመልሳል። ረጅም ረጅም ይመልሳል።»

ማታቱው ሲጮህብኝ ተሳፈርኩ። እስከ ከተማ ድረስ ስለ እነሱ አሰብኩ። ያንን ድረ ገጽ ስንሠራ ስም አለመጠየቃችን ሥራ ከማቃለል ሌላ ምክንያት አልነበረውም። አንዲት ልጅ በዚያ ቀዳዳ ገብታ አባቷን እንደ ባዕድ ልታነጋግር እንደምትችል የትኛችን አስበን!

ብዙም ሳይቆይ ግን ችግር መጣ። ገጾቻችን ላይ የቁማር ማስታወቂያ መለጠፍ ጀመረ። በማሽን በተተረጎመ ጉደኛ አማርኛ «ዕድልህን አሁን ብላ» የሚል ጽሑፍ «ቋ»ን በሚያስረዳው ገጽ መሃል ገብቶ ተገኘ። እናጠፋለን፤ ይመለሳል። ባልደረባዬ አንድ ጠዋት ማስታወቂያዎቹን ሲያጠፋ ቆይቶ ወንበሩን ወደ እኔ አዞረ።

«በቃ። የሚጽፍ ሰው ስሙን ይመዝግብ። ሌላ መንገድ የለም።»

ልክ ነበር። እኔ ግን ዛሬ ነገ እያልኩ አቆየሁት። ለምን እንደማመነታ ሲጠይቀኝ የአባትና የልጁን ነገር ነገርኩት። ሰማኝና «ታዲያ ለእኔ አይደለም፤ ለእሷ ንገሪያት» አለኝ።

መሥሪያ ቤቷ ከእኛ ሩቅ አልነበረም። ምሳ ሰዓት ላይ አገኘኋትና ቻፓቲና ባቄላ እየበላን አስረዳኋት። «የሚመዘገበው የግድ የመታወቂያ ስም አይደለም» አልኳት። «የፈለግሽውን ስም ማውጣት ትችያለሽ። ማንም አያውቅም።»

ቻፓቲዋን እየቆረሰች አሰበች። «እስካሁን ማን ነሽ ያለኝ የለም» አለች። «ስለዚህ አልዋሸሁም። አሁን ስም ተጠይቄ ሌላ ስም ብጽፍ ግን…» አልጨረሰችውም። ስንለያይ ምን እንደምታደርግ አልነገረችኝም።

ምዝገባውን የከፈትን ዕለት ከመጀመሪያዎቹ ተመዝጋቢዎች አንዱ አባትየው ነበሩ፤ በሙሉ ስማቸው። ከሰዓት በኋላ የልጅቷ ስም መጣ። ስሟን ከነአባቷ ስም ጻፈችው። በእኛ አገር ልጅ የሚጠራው በአባቱ ስም ነውና፣ ዝርዝሩ ውስጥ የእሳቸው ስም ሁለት ጊዜ ታየ፤ አንዴ በራሳቸው፣ አንዴ ከእሷ ስም ቀጥሎ። ከዚያ የተለመደውን ገጽ ከፈተችና «ይጫኑ»ን «ይንኩ» አደረገችው።

ያን ቀን መልስ አልመጣም። በማግስቱም አልመጣም። ሥራዬን እየሠራሁ ገጹን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። ባልደረባዬ እንኳ «ጦርነቱ ቆመ እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። ምን አደረግሁ ብዬ ፈራሁ። ሰውዬው ያን ሁሉ ጊዜ ባዕድ መስሏቸው የተናገሩትን መለስ ብለው እያነበቡ ይሆን? ተዋርደው ይሆን? ወይስ እንደ ልማዳቸው «ጎሽ የኔ ልጅ» ብለው ትተውት ይሆን? የመጨረሻው ነበር ከሁሉ ይበልጥ ያስፈራኝ።

ሳምንቱ ሊያልቅ ሲል አንድ ጠዋት ከፈትኩት። «ይንኩ» ጠፍቶ «ይጫኑ» ተመልሷል። ምክንያቱ እንዲህ ይላል፦

«ደጋግሜ አሰብኩበት። ልጄ መሆንሽ ቃሉን ልክ አያደርገውም።»

ለባልደረባዬ ተረጎምኩለት። ጠረጴዛውን በእጁ መታና «ይሄ አባት ነው!» አለ።

እነዚያ ዝም የተባለባቸው ቀናት እንዴት እንዳለፉ ልጅቷ ኋላ ላይ ነገረችኝ። አባቷ ከሥራ ይመጣሉ፣ ራት ይበላሉ፣ ምንም አይሉም። እሷም ምንም አትልም። አንድ ምሽት ግን ስልካቸውን አውጥተው ከሳህኗ አጠገብ አስቀመጡት። የ«ሠ» እና የ«ሰ» ጥያቄ ያለበት ገጽ ነው።

«ይሄንንም የጠየቅሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ አባዬ።»

«ለምን እኔን አልጠየቅሽኝም?»

«ጠየቅሁህ እኮ» አለቻቸው።

መነጽራቸውን አውልቀው ሲወለውሉ ቆዩ። ከዚያ «‹ስክሪን› የሚለውንስ ምን እንበለው?» ብለው ጠየቋት፤ እሷም ያሰበችውን ተናገረች፤ አማርኛ ሲያጥራት በስዋሂሊ እየሞላች። አልሳቁም። «አይሆንም» አሏት እንጂ። ለምን እንደማይሆን ሲያስረዷት ምግቡ ቀዘቀዘ።

ሁሉ ነገር ተለወጠ ማለት አልችልም። ልጅቷ ሲደክማት አሁንም በእንግሊዝኛ ነው የምትመልስላቸው፤ እሳቸውም አንዳንዴ አማርኛዋን ሲሰሙ ሳቃቸውን መዋጥ ያቅታቸዋል። ገጹ ላይ ግን ክርክሩ አልቆመም።

በቅርቡ ሌላ ተጠቃሚ መጣ፤ ከየት እንደሆነ አላውቅም። «ይጫኑ»ንም «ይንኩ»ንም አጥፍቶ «ጠቅ ያድርጉ» አለው። ገና ምሳ ሰዓት ሳይደርስ አባትየው አጠፉት፤ «ስልክ እሾህ አይደለም፤ ጠቅ አይደረግም» ብለው። አዲሱ ተጠቃሚ መልሶ ጻፈው። በዚህኛው ጊዜ ያጠፋችው ልጅቷ ናት። በምክንያቱ ሳጥን ውስጥ «አባቴ ልክ ነው» ብላ፣ ከዚያ እሳቸው የጻፉትን «ይጫኑ» እንዳለ መለሰችው።

ለባልደረባዬ ስነግረው ወንበሩን አዞረ። «እና አሁን ሁለቱ አንድ ሆኑ ማለት ነው?»

«ቆይ፣ ልይ» ብዬ ገጹን እንደገና ከፈትኩት። ልጅቷ መልሳ «ይንኩ» አድርጋዋለች።